በማይተያዩ ሰዎች ጉባኤ ሥርዓት የገባበት ታሪክ

እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1978 ዓ.ም. (በዚህ ጽሑፍ የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በዚሁ አቆጣጠር ናቸው) በካሊፎርኒያ፣ በሳን ፍራንሲስኮ ሰላጤ ዙሪያ ይኖሩ የነበሩ ጥቂት የኮምፒውተር ዐዋቂዎች፣ ጆን ጄምስ በሚባል ባለሙያ መሪነት፣ ማንም ሰው ከቤቱ ሳይወጣ በስልክ መስመር እየገባ ሐሳቡን የሚጽፍበት፣ የሌላውንም ሐሳብ አንብቦ መልስ የሚሰጥበት አንድ የመወያያ ሥፍራ አቋቋሙና «ኮሚዩኒትሪ» ብለው ሰየሙት። አንዱ ለጻፈው ሌላው ሲመልስ፣ ለመልሱም ሦስተኛው ሲጨምርበት፣ ውይይቱ ቅርንጫፍ እያበጀ የሚያድግ ነበር። መሥራቾቹ የሰው ልሳን ከሳንሱር ቀንበር ነጻ ከወጣ እውነት በገዛ ኃይልዋ ታሸንፋለች የሚል ጽኑ እምነት ስለ ነበራቸው፣ የሥፍራው ኃላፊ እንኳ ቢሆን የሰው መልእክት ከመውጣቱ አስቀድሞ ሊያየው፣ ከወጣም በኋላ በቀላሉ ሊሰርዘው እንዳይችል አድርገው ሠሩት። የመጀመሪያዎቹ ተሳታፊዎች ስለ መንፈሳዊ ነገርና ስለ ማኅበራዊ ኑሮ በጭምትነት የሚጽፉ ሰዎች ስለ ነበሩ፣ ለጥቂት ዓመታት ያህል ይህ እምነታቸው የሠመረ መስሎ ታየ።

በ1982 ዓ.ም. ገደማ ግን አፕል የተባለው ኩባንያ ኮምፒውተሮቹን በትምህርት ቤቶች ማዳረስ ሲጀምር፣ ለአካለ መጠን ያልደረሱ ተማሪዎች፣ በተለይም ወንዶቹ፣ የሥፍራውን የስልክ ቁጥር አገኙት። ከዚያች ቀን ጀምሮ በየውይይቱ የብልግናና የስድብ ቃል ይዘሩበት ጀመር፤ አንዳንዶቹም በዚህ ብቻ ሳይረኩ መሣሪያውን ራሱን የሚያቆሙ ምልክቶችን እየፈለጉ መላክን ጨዋታቸው አደረጉት። ኃላፊዎቹ ነውሩን ለማጽዳት ሲነሡ የገዛ እጃቸው ሥራ አሰራቸው፤ መልእክቱ ሲገባ የሚያግዱበት ሥልጣን ለራሳቸው አላስቀሩምና። ጥቂት ወራት ሳይሞላ ያ ሊቃውንት የተሰበሰቡበት ሸንጎ በስድብ ክምር ታፍኖ ተዘጋ። ይህን ታሪክ በ1991 ዓ.ም. በታተመ ጽሑፋቸው ያቆዩልን አሜሪካዊቷ ሊቅ አሉኬር ሮዛን ስቶን፣ እንዲህ ላለው ማኅበር ቁጥጥር የማይቀር ግዴታ መሆኑ በዚህ ጊዜ እንደ ተገለጠ አመልክተዋል።

ልጆቹን ብቻ መኰነን ግን ፍርደ ገምድልነት ነው። ወደዚያ ጉባኤ ሲገቡ እዚህ ቤት የሚነገረው ይህ ነው፣ የማይነገረውም ይህ ነው ያላቸው አልነበረም፤ ሲያጠፉም የሚገሥጻቸው ታላቅ አላገኙም። ነጻነትን ያቋቋሙት ሰዎች ነጻነቱን የሚጠብቅ ሰው ማቆምን ከባርነት ቈጥረውት ነበርና፣ በሩን ከፍተው ቤቱን ያለ ባለቤት ተዉት። ሐሳቡን ለማስረዳት ሳይሆን ሌላውን ለማናደድና ጉባኤውን ለማወክ ብቻ የሚጽፈውን ሰው የዛሬ ዘመን ሰዎች «ትሮል» ይሉታል፤ እኔ ግን በዚህ ትረካ አዋኪ እያልሁ እጠራዋለሁ። የአዋኪው ታሪክ የሚጀምረው ከዚህ የፈረሰ ቤት ነው፤ እርሱን ለመግታት የተደረገው ጥረትም ከዚያው ይጀምራል።

በዚያው ዘመን በሰሜን ካሮላይና የዱክ ዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች የነበሩት ቶም ትረስኮትና ጂም ኤሊስ በ1979 ዓ.ም. አስበው፣ በ1980 ዓ.ም. ሥራ ያስጀመሩት ዩዝኔት የተባለው የመወያያ መረብ ከዩኒቨርሲቲ ወደ ዩኒቨርሲቲ እየተላለፈ ዓለምን ያዳርስ ጀመር። በዩዝኔት ላይ ባለቤት የሚባል አልነበረም፤ ስለዚህም እያንዳንዱ አንባቢ ለራሱ ጆሮ ዘበኛ መሆን ነበረበት። በ1984 ዓ.ም. ላሪ ዎል የሠራው የማንበቢያ ፕሮግራም፣ አንባቢው የጠላውን ጸሐፊ ስም በአንድ መዝገብ ላይ አስፍሮ ከዚያ በኋላ የዚያን ሰው ቃል ፈጽሞ እንዳያይ የሚያደርግ ነበር። ብዙዎች በዚህ ተጽናኑ። ይሁን እንጂ ይህ መድኃኒት የሚያድነው የቈየውን አንባቢ ብቻ ነው፤ ትናንት የመጣው እንግዳ መዝገቡ ባዶ ስለሆነ አዋኪውን በሙሉ ቃሉ ያገኘዋል፣ ላናደደውም መልስ ይሰጣል፣ አዋኪውም የሚፈልገው ይህንኑ ነው።

ዩዝኔት ለብዙ ዓመት ጸንቶ የቆየበት ምሥጢር ሌላ ነበር። በየዓመቱ በሴፕቴምበር ወር አዲስ የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች ሲመጡ መረቡ ለጥቂት ሳምንታት ይታወካል፤ ነባሮቹ ይመክራሉ፣ ይገሥጻሉ፤ እንግዶቹም ሥርዓቱን ይለምዱና ጸጥታው ይመለሳል። ከ1993 እስከ 1994 ዓ.ም. ባለው ጊዜ ግን አሜሪካ ኦንላይንን የመሰሉ የንግድ ድርጅቶች ደንበኞቻቸውን ሁሉ ወደዚህ መረብ ሲያስገቡ፣ እንግዳው በወቅት መምጣቱ ቀርቶ ቀን ከሌት የሚጐርፍ ሆነ። ማስተማር የሚችሉት ነባሮች ከሚማሩት እንግዶች ቍጥር እጅግ አነሱ። በመረቡም ዘንድ ሴፕቴምበር 1993 ፍጻሜ የሌለው ወር ተባለ። የአንድ ማኅበር ጠባይ የሚበላሸው ክፉ ሰው ስለ ገባበት ብቻ ሳይሆን፣ የሚመክረው ሰው ቍጥር ለሚመከረው ሳይበቃ ሲቀርም እንደሆነ ከዚህ ይልቅ ግልጥ አድርጎ የሚያሳይ ነገር የለም።

ከዩዝኔት ሌላ መንገድ የተከተሉም ነበሩ። በ1985 ዓ.ም. ስቱዋርት ብራንድና ላሪ ብሪሊያንት በሳውሳሊቶ ከተማ ያቋቋሙት «ዌል» የተባለው ጉባኤ፣ አባላቱ ሁሉ እውነተኛ ስማቸው የታወቀ እንዲሆን፣ እያንዳንዱም ለጻፈው ቃል ራሱ ባለቤትና ተጠያቂ እንዲሆን ደነገገ። ለየውይይቱ አስተናጋጅ የሚባል ኃላፊ አቆመ፤ አባላቱም በየጊዜው በአካል እየተገናኙ አብረው ይበሉና ይጠጡ ነበር። ዌል መልካም ጉባኤ ነበር፤ ዳሩ ግን ይህ ጸጋ የትንሽ ማኅበር ጸጋ ነው። ሰዎቹ ቢበዙና ቢራራቁ፣ በማዕድ የማይገናኙም ቢሆኑ ምን ይሆናል የሚለውን ጥያቄ ዌል አልመለሰውም።

ያን ጥያቄ እጅግ መሪር በሆነ አኳኋን ያነሣው ላምዳሙ ነው። ይህን ፓቬል ከርቲስ የተባለው ባለሙያ በ1990 ዓ.ም. በፓሎ አልቶ ከተማ በዜሮክስ የምርምር ማእከል ውስጥ የሠራው ሲሆን፣ ተሳታፊዎቹ የፈጠራ ስም ይዘው በቃል ብቻ በተሣለ ትልቅ ቤት ውስጥ ከክፍል ወደ ክፍል እየተዘዋወሩ የሚነጋገሩበት ነበር። መጀመሪያ ላይ ጸብን ሁሉ የሚፈርዱት መሣሪያውን የሚቈጣጠሩት ጥቂት ባለሙያዎች፣ በቤቱ ቋንቋ «ጠንቋዮች» የሚባሉት ነበሩ። የተሳታፊው ቍጥር በሺህ ሲቈጠር ግን እነዚህ ሰዎች በዳኝነት ብዛት ደከሙ፤ በ1992 ዓ.ም. መጨረሻም ከርቲስ ከእንግዲህ ወዲህ እኛ የመሣሪያው ጠጋኞች ብቻ ነን፣ በማኅበራዊ ጉዳይ አንፈርድም ሲል ለሁሉ አስታወቀ። አሳቡ ቅን ነበር፤ ሥልጣንን ለሕዝብ መልቀቅ ነውና። ነገር ግን ሥልጣኑን የሚረከብ ሸንጎ ሳያቋቁም ለቀቀው።

ሦስት ወር ያህል ቈይቶ፣ በማርች 1993 ዓ.ም. አንድ ሌሊት፣ «ሚስተር ባንግል» የሚል ስም የያዘ ተሳታፊ ወደ ቤቱ ዋና ሳሎን ገባ። ይህ ሰው በረቀቀ የፕሮግራም ዘዴ እየተጠቀመ፣ ሌሎች ተሳታፊዎች ራሳቸው ያደረጉት አስመስሎ እጅግ አጸያፊ የሆነ የክብረ ነክነትና የግፍ ድርጊት በስማቸው ይጽፍ ጀመር፤ እነርሱም በገዛ ዓይናቸው እያዩ ሊያቆሙት አልቻሉም። ከተበደሉት አንዲቱ በማግሥቱ የደረሰባትን ለሁሉ ስትጽፍ እያለቀሰች እንደ ነበር በኋላ ተናግራለች። በቃል ብቻ የተሠራ በደል በደል አይባልም የሚል ሰው የዚያችን ሴት ዕንባ መልስ ሊሰጥበት ይገባል። ሰው ስሙና ክብሩ በብዙዎች ፊት ሲረገጥ የሚያቈስለው ቃሉ ነው፤ ቃሉም በአደባባይ ቢነገር፣ በኮምፒውተር መስታወት ላይ ቢጻፍ ቍስሉ ያው ነው።

ሦስት ቀን ቈይቶ ጉባኤ ተሰበሰበ። ሠላሳ ያህል ሰዎች እስከ ሌሊት ድረስ ተከራከሩ፤ አንዳንዱ ይጥፋ አለ፣ አንዳንዱ በምን ሕግ አለ፣ አንዳንዱም ያለ ዳኛ የሚፈረድ ፍርድ የጅምላ በቀል ነው አለ። ተከሳሹ ራሱ መጥቶ ድርጊቱን እንደ አንድ ሙከራ ቈጥሮ አስረዳ፤ ጸጸት ግን አላሳየም። ጉባኤው ብያኔ ላይ ሳይደርስ ተበተነ። ከጠንቋዮቹ አንዱ ግን ሲከራከሩ ከሰማ በኋላ ብቻውን ተቀምጦ አሰበና፣ ለማንም ሳይናገር የባንግልን ስምና ገላ ከመሣሪያው ላይ ደመሰሰው። ፍርዱ ትክክል ነበር፤ የተፈረደበት መንገድ ግን ማንንም አላስደሰተም፤ ምክንያቱም አንድ ሰው በስውር የፈጸመውን ቅጣት፣ ነገ ሌላ ሰው በሌላ ላይ በስውር ሊፈጽመው ይችላል። ሰውየውም ጥቂት ቈይቶ በሌላ ስም ተመልሶ ገባ። ይህን ሁሉ ጁልያን ዲቤል የተባለው ጋዜጠኛ በዚያው ዓመት መጨረሻ ቪሌጅ ቮይስ በተባለው የኒው ዮርክ ጋዜጣ ላይ ሲጽፈው የብዙ ሊቃውንት መነጋገሪያ ሆነ።

ከርቲስ ከመንገድ ሲመለስ የሆነውን ሰማና፣ ተሳታፊዎቹ በፊርማ አቤቱታ እያቀረቡ በድምፅ ብልጫ የሚወስኑበትን ሥርዓት አቆመ። በኋላም ከአባላት መካከል ሽማግሌዎች ተመርጠው ጸብ መዳኘት ጀመሩ። ይሁንና ድምፅ የሚሰጠው ሰው ለሚሰጠው ድምፅ የማይጠየቅ በመሆኑ፣ ሽማግሌው ራሱ በስድብ የሚወረድበት በመሆኑ፣ ክርክሩ መጨረሻ አጣ፤ በ1996 ዓ.ም. ጠንቋዮቹ አንድ ጊዜ የለቀቁትን ሥልጣን መልሰው ያዙ። እኔ ይህን እንደ ውድቀት ብቻ አላየውም። ያ ማኅበር አዋኪን የሚያስወግደው አንድ ኃይለኛ ሰው ነው ወይስ ሁሉም በአንድነት ነው የሚለውን ክርክር በገዛ ሥጋው ላይ ሞክሮታል፤ ሁለቱም ብቻቸውን እንደማይበቁም አይቷል።

አሁን ወደ ታሪኩ ዋና ክፍል እደርሳለሁ። በሴፕቴምበር 1997 ዓ.ም. በሚሺጋን ክፍለ ግዛት፣ ሆላንድ በምትባል ትንሽ ከተማ፣ ሮብ ማልዳ የተባለ የሆፕ ኮሌጅ ተማሪ ከጓደኞቹ ጋር ሆኖ «ስላሽዶት»ን ጀመረ። ሥራው የኮምፒውተርንና የሳይንስን ዜና፣ በተለይም ስለ ሊኑክስና ስለ ነጻ ሶፍትዌር የሚነገረውን እየመረጡ ማውጣትና አንባቢ ከሥሩ ሐሳቡን እንዲጽፍ መፍቀድ ነበር። በመጀመሪያ በቀን የሚመጣው ሐሳብ በጣት የሚቈጠር ስለ ነበር ማልዳ ሁሉንም ራሱ ያነብ ነበር፤ ነውር የሆነውንም ራሱ ያነሣ ነበር። ጸሐፊዎቹም በአብዛኛው የሚያውቁትን የሚናገሩ ባለሙያዎች ነበሩና ቦታው በትሕትና የሚማማሩበት ሆነ።

ወሬው ሲሰማ አንባቢው በሺህና በአሥር ሺህ በዛ። በእንግዳው ብዛት ውስጥም አዋኪው ተሰውሮ ገባ። ገና ዜናው ሳይነበብ «አንደኛ እኔ ነኝ» ብሎ ለመጻፍ ብቻ የሚሽቀዳደም፣ አንዱን አስጸያፊ ጽሑፍ መቶ ጊዜ የሚደጋግም፣ ሁለት ባለሙያዎች ሲከራከሩ በመካከላቸው ገብቶ እሳት የሚጭር፣ ስሙን ሳይሰጥ ሰው የሚያዋርድ በዛ። ማልዳ ብቻውን እንደማይችለው ዐወቀና ከሚያውቃቸው መካከል ሃያ አምስት ያህል ሰዎች መርጦ የማመዛዘን ሥልጣን ሰጣቸው። ከጊዜ በኋላ እነርሱም አልበቁም፤ ከአንባቢዎቹ መካከል መልካም ጽሑፋቸው የታወቀ አራት መቶ ያህል ተጨመሩ። በዚህ ጊዜ ሌላ ችግር ተከሰተ። ሥልጣን የያዘ ሰው፣ ቍጥሩ አራት መቶም ቢሆን፣ ሥልጣኑ ዘለዓለማዊ ከሆነ ወገን ይለያል፤ የወደደውን ያነሣል፣ የተቃወመውን ይጥላል፤ ያልተመረጠውም ሰው በእነዚያ ኅሩያን ላይ ቂም ይይዛል።

በ1999 ዓ.ም. ማልዳ የወሰደው እርምጃ በእኔ አስተያየት በዚህ ታሪክ ሁሉ ውስጥ ከተገኙት አሳቦች የበለጠ ጥበብ ያለበት ነው። የዳኝነቱን ሥልጣን ለጥቂቶች መስጠቱን ትቶ፣ ከነባርና ከመደበኛ አንባቢዎች መካከል በዕጣ ለሚወጣለት ሰው ሁሉ ለአጭር ጊዜ የሚያድል ሥርዓት ሠራ። ዕጣው የደረሰው ሰው አምስት ነጥብ ይቀበላል፤ በእያንዳንዱ ነጥብ የአንድ ጽሑፍን ዋጋ በአንድ ደረጃ ከፍ ወይም ዝቅ ማድረግ ይችላል፤ በሦስት ቀን ውስጥ ካልተጠቀመበት ነጥቡ ይጠፋል። የጽሑፍ ዋጋ ከአንድ ሲቀነስ እስከ አምስት ድረስ ይመዘናል። ስሙን አስመዝግቦ የሚጽፍ ከአንድ ይነሣል፤ ስሙን የሸሸገ ከዜሮ ይነሣል፤ በመልካም ጽሑፍ የታወቀ ከሁለት ይነሣል። መዛኙ ውሳኔውን ሲሰጥ ምክንያቱንም ከተዘጋጁት ቃላት መርጦ ይሰጣል፤ አስተዋይ ነው፣ አስረጅ ነው፣ ከርእሰ ነገሩ የወጣ ነው፣ ጸብ ጫሪ ነው እያለ። ራሱ በተሳተፈበት ውይይት ላይ ግን መመዘን አይፈቀድለትም፤ ተከራካሪ ዳኛ ሊሆን አይገባውምና።

ከዚህ ሁሉ የሚደነቀው፣ የተናቀው ጽሑፍ አለመደምሰሱ ነው። እንክርዳዱን ለመንቀል ሲጣደፉ ስንዴውን አብሮ ከመንቀል፣ ሁለቱን እስከ መከር ድረስ ማቆየት እንደሚሻል የተረዱ ይመስላል፤ አንባቢው ራሱ ከምን ያህል ዋጋ በታች ያለውን ማየት እንደማይፈልግ ይወስናል። ሁሉን ማንበብ የሚሻ ከአንድ ሲቀነስ ጀምሮ ያነባል፤ ጊዜ የሌለው ከሦስት ወይም ከአራት ይጀምራል። እንግዲህ አዋኪው አልታሰረም፣ አልተባረረም፤ ግን የሚያናድደው ሰው ፊት አጣ። የአዋኪ ምግቡ የሌላው ቍጣ ስለሆነ፣ ከቍጣ መለየት ከመታሰር የከፋ ቅጣት ሆነበት።

ነገር ግን መዛኞቹ ራሳቸው ቢያዳሉስ? ይህ ጥያቄ ወዲያው ተነሣ፤ ያላደሉበት ቀን አልነበረምና። በዚያው በ1999 ዓ.ም. ሁለተኛ ሸንጎ ተጨመረ። ነባር አንባቢዎች ሌሎች የሰጡትን ውሳኔ በዕጣ እየደረሳቸው ይመለከታሉ፤ ውሳኔው የተገባ ነው ወይም ያልተገባ ነው ብለው ይመሰክራሉ፤ ያለ አግባብ የሚመዝን ሰው ዳግመኛ ዕጣ የማግኘቱ ዕድል እየቀነሰ ይሄዳል። ስለዚህ ዳኛው ሌላ ዳኛ አለበት፤ ሁለቱም ግን ከዚያው ከሕዝቡ መካከል ወጥተው ወደ ሕዝቡ የሚመለሱ ናቸው። ፓቬል ከርቲስ ሥልጣኑን ሲለቅ ያጣው ነገር ይህ ነበር፤ ማኅበሩ ሥልጣኑን ሲረከብ፣ በሥልጣኑ ላይ ገደብና ተጠያቂነት አብሮ መረከብ ነበረበት።

ሥርዓቱ ፍጹም አልነበረም። እያንዳንዱ ጸሐፊ ያገኘው የመልካም ስም ሒሳብ በቍጥር ይታይ በነበረ ጊዜ፣ ሰዎች ጽሑፋቸውን እውነት ለመናገር ሳይሆን ቍጥሩን ለማሳደግ መጻፍ ጀመሩ፤ እንደ ጨዋታ ውጤት ይሻሙበት ነበርና ኃላፊዎቹ ቍጥሩን ሠውረው ደረጃውን በቃል ብቻ መግለጽ ግድ ሆነባቸው። ክሊፍ ላምፕና ፖል ሬዝኒክ የተባሉ የሚሺጋን ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች የዚህን ጉባኤ መዝገብ መርምረው በ2004 ዓ.ም. ባወጡት ጥናት፣ ተራ አንባቢዎች ተከፋፍለው የሚሠሩት ዳኝነት በእርግጥ መልካሙን ከክፉ እንደሚለይ መሰከሩ፤ ደግሞም ዘግይቶ የመጣ መልካም ሐሳብ ብዙ ጊዜ ሳይታይ እንደሚቀር፣ ያለ አግባብ የወደቀም ሳይነሣ እንደሚረሳ አመለከቱ። ቀድሞ የተናገረ ይሰማል፤ አስቦ የተናገረ ይዘገያል። ይህን ጉድለት ዛሬም ድረስ ብዙ የመወያያ ሥፍራዎች አልሻሩትም፤ እኔን ከሁሉ ይልቅ የሚያሳስበኝም ይህ ነው፤ የሚያስብ ሰው በቸኰለ ሰው ሲቀደም ማኅበሩ ከጸብ ቢድን እንኳ ከጥበብ ይጐድላልና።

በእስያ ደግሞ ሌላ ፈተና ተፈተነ። የደቡብ ኮሪያ መንግሥት፣ አዋኪው የሚደፍረው ስሙ ስለማይታወቅ ነው ብሎ በማሰብ፣ ከ2007 ዓ.ም. ጀምሮ ብዙ ጎብኚ ያላቸው ድረ ገጾች ሁሉ የጸሐፊውን እውነተኛ ማንነት በመታወቂያ ቍጥሩ እንዲያረጋግጡ በሕግ አዘዘ። በ2008 ዓ.ም. ቾይ ጂን ሲል የተባለችው ዝነኛ ተዋናይት በመረብ ላይ የተነዛባት ሐሜት ካንገበገባት በኋላ ራስዋን ስታጠፋ፣ ሕዝቡ በኀዘን ተነቃነቀ፤ ሕጉም ይጠንክር የሚለው ድምፅ በረታ፤ በሚቀጥለው ዓመትም በቀን ከ100,000 በላይ ጎብኚ ላለው ድረ ገጽ ሁሉ ተዘረጋ።

ውጤቱ ግን የተመኙትን አልሆነም። ተሳዳቢው ስሙ እየታወቀ መሳደቡን ቀጠለ፤ ብዙ ሰዎችም ወደ ውጭ አገር ድረ ገጾች ፈለሱ። በ2011 ዓ.ም. ሰርሳሪዎች ከአንድ ታላቅ የአገሪቱ የመረብ ድርጅት የ35 ሚሊዮን ሰዎችን ምሥጢር ሰረቁ፤ ስድብን ለመከላከል ሲባል የተከማቸው የማንነት መረጃ ለወንበዴ ሲሳይ ሆነ። በኦገስት 2012 ዓ.ም. የአገሪቱ የሕገ መንግሥት ፍርድ ቤት፣ ሕጉ ሕገ ወጥ ጽሑፍን ጉልህ በሆነ መጠን መቀነሱ አልታየም፣ የመናገርን ነጻነት ግን ገድቧል ሲል በሙሉ ድምፅ ሻረው። የዌል ሰዎች ስማቸው መታወቁ የጠቀማቸው ጎረቤታሞች ስለ ነበሩ ነው፤ ስሙን የሚያውቀው የመንግሥት መዝገብ ብቻ የሆነ ሰው ግን በጎረቤቱ ፊት ያው የማይታወቅ እንግዳ ነው።

ከዚያ ወዲህ የሆነውን አሳጥሬ እነግራለሁ። በ2005 ዓ.ም. የተቋቋመው ሬዲት፣ ጉባኤዎቹን ሁሉ በበጎ ፈቃደኞች እጅ ትቶ ለዓመታት ከኖረ በኋላ፣ በ2015 ዓ.ም. በጥላቻ ላይ የቆሙ አንዳንድ ጉባኤዎቹን ዘጋ። ክፉዎቹ ወደ ሌላው ጉባኤ ገብተው ሁሉን ይበክላሉ የሚል ፍርሃት ነበር። የጆርጂያ ቴክ ተመራማሪዎችና ባልደረቦቻቸው በ2017 ዓ.ም. ሲመረምሩት ግን፣ ከተጠበቀው በላይ ብዙ ሰዎች ሥፍራውን ፈጽመው ለቀዋል፤ የቀሩትም የጥላቻ ቃላቸው ቢያንስ በ80 በመቶ ቀንሷል። ሰው የሚናገረው በተቀመጠበት ሸንጎ ልማድ መጠን ስለሆነ፣ ሸንጎው ሲፈርስ ቃሉም ይለወጣል።

ከሁሉ ይልቅ ልቤን የነካው ግን ከዚህ ያነሰ፣ ያለ ቅጣትም የተፈጸመ ነገር ነው። በዚያው በሬዲት ላይ ስለ ሳይንስ የሚወያይ፣ በ2016 ዓ.ም. 13 ሚሊዮን ያህል ተከታዮች የነበሩት አንድ ጉባኤ አለ፤ ያን ጊዜ ከአንድ ሺህ የሚበልጡ በጎ ፈቃደኞች ይጠብቁት ነበር። በዚያው ዓመት ኔተን ማታያስ የተባለው ተመራማሪ ከእነዚህ ጠባቂዎች ጋር ተስማምቶ፣ በዕጣ በተለዩ ውይይቶች ራስ ላይ አንዲት አጭር ማስታወቂያ እንድትለጠፍ አደረገ። ማስታወቂያዋ እንግዳውን እንኳን ደህና መጣህ ትላለች፣ የቤቱን ሥርዓት ትነግረዋለች፣ ሥርዓቱን የሚጠብቁ ብዙ ሰዎች መኖራቸውንም ታስታውቃለች። በ2,190 ውይይቶች ላይ የተደረገው የዚህ ሙከራ ውጤት በ2019 ዓ.ም. ታተመ፤ ማስታወቂያዋ በተለጠፈችበት ውይይት አዲስ ገቢው ሥርዓቱን የሚያከብርበት ዕድል ከመቶው በስምንት እጅ ያህል ጨምሮ ተገኘ፤ የአዲስ ገቢዎቹም ተሳትፎ በአማካይ 70 በመቶ ያህል አደገ። ሥርዓት ሲነገር ሰው ይሸሻል ብለው የሚፈሩ ሁሉ ይህን ቍጥር ደጋግመው ሊያዩት ይገባል። የሸሸው ጨዋው አይደለም፤ ጨዋው እስከዚያ ድረስ ዝም ያለው ቤቱ የማን እንደሆነ ስላላወቀ ነበር።

በ1982 ዓ.ም. የኮሚዩኒትሪን የስልክ ቁጥር ያገኙት ልጆች እንዲህ ያለች ማስታወቂያ አላነበቡም። ዛሬ በቴሌግራም ቢሆን በፌስቡክ በአማርኛ የሚነጋገሩ፣ ከአዲስ አበባ እስከ ዋሽንግተን፣ ከቴል አቪቭ እስከ ዱባይ የተበተኑ ወገኖቻችን የሚሰበሰቡባቸውን ጉባኤዎች የምትመሩ ወንድሞችና እኅቶች ሆይ፣ የእናንተን ቤት ሥርዓት በአምስትና በስድስት መስመር ጻፉና እንግዳው ሲገባ መጀመሪያ በሚያየው ሥፍራ ላይ አኑሩት፤ የማስወገድ ሥልጣኑንም በአንድ ሰው እጅ ብቻ አትተዉት።